ዘፈኑ ሳያልቅ

«እናትሽ በሕይወት አሉ?» አሉ አሮጊቷ ጎብኚ፣ የጎመን ሾርባቸውን እያማሰሉ።

ኖኤሚያ የዓሣውን ሳህን ወደ እሳቸው አስጠጋች። የምግብ ቤቱ ዘፋኝ የሆነችው እናቷ ኩስቶዲያ አምስት እርምጃ ርቃ፣ ጥቁር ሻርፗን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች ነበር። ሊዝበን ውስጥ ዝምድናቸውን የሚያውቅ ሰው የለም።

«ዓሣው እንዳይቀዘቅዝብዎ» አለች ኖኤሚያ ፈገግ ብላ።

ሽፋኗ አስጎብኚነት ነው፤ በድብቅ ግን መንግሥት የሚያድናቸውን ሰዎች የሚያሸሽ ድርጅት ትመራለች። ስድስት የውጭ አገር ሰዎችን የከተማዋን ምግብ ታስቀምሳለች፣ ዘፈኗን ታሰማለች። ሰባተኛው አቢሊዮ ነው። ጎብኚ ይምሰል እንጂ በድብቅ ጋዜጣ በማተሙ የሚታደን ሰው ነው። የምስጢር ስሙ «ሰርዲን»። ዛሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርከብ ይጠብቀዋል። ከተያዘ በሕይወት አይወጣም።

የድርጅቱ ሰው የሆነው አስተናጋጅ ጌርማኖ ወደ አቢሊዮ ጎንበስ አለ።

«ሰርዲን፣ ፊትህ ገርጥቷል። ገና ሳትጠበስ?»

«ቀልዱን ተውና በሩን ንገረኝ።»

«የጓሮው። ዘፈኑ እንዳለቀ።»

ኖኤሚያ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ጌርማኖ እሷን ተራ አስጎብኚ አድርጎ ነው የሚያውቃት። አንዱ ሌላውን እንዳያውቅ ደንቡን ያወጣችው ራሷ ነች።

መብራቱ ደበዘዘ። ሹካዎች ወረዱ። ፋዶ፣ የሊዝበን የሐዘን ዘፈን፣ ሲዘፈን ማን ይበላል? ማንስ ከቆመበት ይነቃነቃል?

ኩስቶዲያ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች።

ጌርማኖ ተነቃነቀ።

በዚህ ቤት ሃያ ዓመት ያስተናገደ ሰው፣ በዘፈን መሃል፣ ወደ ጓሮው በር።

«ቁም አንተ!» አለው አንድ ደንበኛ በሹክሹክታ።

ኖኤሚያ በዓይኗ ተከተለችው።

ሸጦናል።

የጓሮው በር ተከፈተ። ሦስት የፖለቲካ ፖሊሶች ገቡ። ከዚያ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፖሊስም ቢሆኑ የሊዝበን ልጆች ናቸው።

ኖኤሚያ በመስኮቱ አየች። በፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ ፖሊስ የለም።

ቀና ስትል ከእናቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ኩስቶዲያ እየዘፈነች ወደ ኋላ ሄደች። ከጓሮው በር ወደ ቤቱ በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ መሃል ቆማ እጆቿን በግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ዘረጋች።

«በፊት በር» አለችው ኖኤሚያ አቢሊዮን፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «አትሩጥ።»

ወጣ።

አንዱ ፖሊስ አየው። «ሴትዮ፣ ዞር በይ!»

«ሽሽሽ!» አለ ቤቱ በሙሉ። «አሳዳጊ የበደለህ! ዘፈን ላይ ናት እኮ!»

ፖሊሱ አፈረ። አንገቱን ደፋ።

ኩስቶዲያ ዘፈኑ ሲያልቅባት ከራሷ ፈጥራ ቀጠለች። ሌላ ስንኝ። ደግሞ ሌላ። ድምጿ ሲሰነጠቅ ፖሊሶቹ ገፍትረው ጣሏት።

ኖኤሚያ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ያ ሰውዬ ከናንተ ጋር ነበር?» አላት አንዱ ፖሊስ፣ ከመንገድ ባዶ እጁን ተመልሶ።

«ቅድም መንገድ ላይ ነው የተቀላቀለን።»

«ይቺንስ ሴትዮ ታውቂያታለሽ?»

ኩስቶዲያ ወለሉ ላይ ነበረች። ከንፈሯ ደምቷል። ወደ ልጇ አላየችም።

«አላውቃትም።»

ከዚያ ወደ ጎብኚዎቿ ዞረች። «እንነሣ። ጣፋጩን ሌላ ቤት ነው የምንበላው።»

ስድስቱን አስከትላ የአልፋማ ሰፈርን ደረጃ ወረደች። ከእሑድ መንገደኛ ጋር ተቀላቀለች።

አቢሊዮ ሄደ። ኩስቶዲያ ቀረች።