ብስክሌት የማይነዳው ደንበኛ

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአንድ ሆቴል ጎን ጠባብ የብስክሌት ሱቅ ስትከፍት አባቷ መሪጌታ ይርሳው ሁለት ሳምንት አኮረፏት። «የመሪጌታ ልጅ ጎማ ስትለጥፍ!» አሉ። እሷ ግን ፏፏቴ ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች አምስት ብስክሌቶች ታከራይ፣ የተበሳውን ትጠግን ጀመር።

በመጀመሪያው ወር አንድ አፉ ቅቤ የሆነ እንግዳ የውሸት መታወቂያ አስይዞ አንዱን ብስክሌት ይዞ እንደ ጉም በነነ። ከዚያ ወዲህ ያምሮት ፈገግ የሚልላትን ሰው ሁሉ ትጠረጥር ጀመር።

ቂርቆስ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ለሥራ ወደ ከተማው የተዛወረ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ የመስኖ ባለሙያ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብስክሌት ተከራየ፤ ግን አልወጣበትም። መሪውን ይዞ እየገፋ በቡሬ መንገድ ሄደ። ሲመለስ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶታል።

በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። በሦስተኛውም።

«ለምን አይወጡበትም?» አለችው።

«በእግሬ መሄድ እወዳለሁ።»

«ታዲያ ብስክሌቱ ምን ያደርግልዎታል?»

ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን ሰበረ። የሚደብቀው ነገር አለ፣ አለች በልቧ። ዕቃ እየቀያየረባት ይሆን? ሰንሰለቱና ፍሬኑ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረገች። ሁሉም እንደነበረ ተመለሰ። ይህ ደግሞ ይብስ አስጨነቃት።

«ሌባ ቢሆን እስካሁን በሰረቀ ነበር» አሉ አክስቷ እማዋይሽ።

«ተዉኝ አክስቴ፣ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።»

በአራተኛው እሑድ ሱቁን ዘግታ በሩቁ ተከተለችው። ቂርቆስ ሣሩ ወደ ታጨደ መስክ ገባ። ግራ ቀኙን ቃኘና ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ተገነደሰ። ተነሣ። ደግሞ ወደቀ።

ከባሕር ዛፉ ጥግ ያምሮት ሳቋ አመለጣት።

እሱ ከወደቀበት ሳይነሣ አያት። «የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ነኝ። የኛ ቀዬ አቀበትና ቁልቁለት ነው፤ ብስክሌት የት ልልመድ?»

«የማይነዱትን ለምን ይከራያሉ?»

ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ።

«ሌላ ምን ብዬ ሱቅሽ ልግባ?»

ፊቷ ጋለ። ግን ያም ሌባ ቃል አሳምሮ ነበር።

«ሚስት አለዎት?»

«የለኝም።»

«ምን አውቄ!» ብላ ጥላው ሄደች።

ሦስት ቀን ነገሩን ስታላምጥ ሰነበተች። በአራተኛው ሱቁን ለአክስቷ ትታ ወደ ፈረስ ቤት በሚሄድ መኪና ተሳፈረች። እያጠያየቀች የእናቱን የእሜቴ ወለተ ሐናን ደጅ አገኘች።

«ማር ገዢ ነኝ» አለች።

እናትየው ጥፍሯ ሥር የገባውን የሰንሰለት ግራሶ አዩት። «ማር ገዢስ አይደለሽ። አንች ያች የብስክሌቷ ነሽ። ግቢ።»

ያምሮት ክው አለች።

«ልጄ ደውሎ ‹ሳታጣራ አትቀርም፤ ስትመጣ አንዳች አትደብቂያት› ብሎኛል። ጠይቂኝ።»

«ሚስት አለችው?»

«ነበረችው። ተፋተዋል። ‹ከኔ ብትሰማው አታምነኝም› ብሎ ነው ለኔ የተወው። እዚሁ ሰፈር ሌላ አግብታ አለች፤ ሂጂና ጠይቂያት።»

ያምሮት ሄደች። የቀድሞ ሚስቱ ቂም የላትም። «ክፉ ሰው አይደለም» አለቻት። «የገደለኝ ዝምታው ነው። አንች ከቻልሽ አናግሪው።»

ሳይመሽ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስትወርድ፣ እናቱ ደውለውለት ኖሮ ቂርቆስ ቆሞ ይጠብቃል።

«አጣራሽ?»

«አጣራሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ዝምታ ታበዛለህ አሉኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «እኔ ዘንድ ዝም አይባልም። ትሰማለህ?»

ቂርቆስ ሳቀ። ስለ ትዳሩ፣ ስለ መፋታቱ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ከመናኸሪያው እስከ ሱቁ በር ሳያቋርጥ አወራላት።

በጥር ሽማግሌ ተላከ። መሪጌታ ይርሳው ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ ያጣራችውን እኔ ምን ልጨምርበት?» ብለው መረቁ።