ከፎልደሩ ሥር የቀረው

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጋሮ ከተማ ሐጂ ጀይላን ልጃቸውን ለመዳር ለሽማግሌዎች ቃላቸውን ሊሰጡ ነው። ልጅቷ ዐፊፋ ናት። ትናንት በስልክ «እንደወደዱ ያድርጉ፣ አባባ» ያለቻቸው ራሷ ስለሆነች ማንንም መውቀስ አትችልም።

እሷ ያለችው ቴፒ፣ የቡና ጥናት ጣቢያው ቢሮ ውስጥ ነው። ገና ስምንት ሰዓት ተኩል ቢሆንም ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከሸኮ በኩል ነጎድጓድ እያጉረመረመ ይመጣል።

አባቷ ሁለት ዓመት ጠብቀዋታል። «ጥናትሽን እስክትጨርሺ ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም» ብለው ነበር። የምታጠናው የቡና ዛፍ የሚያደርቀውን በሽታ ነው። የታመመው ዛፍ ከተለካ በኋላ ተነቅሎ ይቃጠላል፤ ሁለተኛ አይለካም። ታዲያ የመጨረሻው የሦስት ሳምንት ልኬት ሰኞ ዕለት ከኮምፒውተሯ ጠፋ። ልኬቱን የጻፈችበትን፣ ዝናብ ያበሰበሰውን ወረቀት ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ከመዘገበች በኋላ ጥላዋለች። ጥናቱ አበቃ ብላ ነው ትናንት ለአባቷ እሺ ያለችው።

ሰኞ ማሽኑን የነካው ሱሀይብ ነበር። የሚዛን ከተማ ልጅ ነው፤ ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩትን የጣቢያውን አሮጌ ኮምፒውተሮች የሚጠግነው እሱ ነው። ዐፊፋ ኪቦርዱ ተበላሸ፣ ማውሱ እምቢ አለ እያለች ስትጠራው ከርማለች፤ ግማሹ ሰበብ ነበር። እሱም እያወቀ ይመጣል። ሰኞ ግን «አጠፋህብኝ» አለችው። አንድ ቃል ሳይመልስላት ወጣ። ትወደው ነበርና ንዴቷ እጥፍ ሆነ።

በሩ ተከፈተ፤ ሱሀይብ በዝናብ ርሶ ገባ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት መብራት ጠፍቶ አልነበር?» አለ ሳይቀመጥ።

«ቢጠፋስ?»

«ሲመጣ ያንቺ ኮምፒውተር በሁለት ደቂቃ ተነሣ። ሰርቨሩ ዲስኩን ሲፈትሽ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ዛሬ ጁምዓ ላይ የኢማሙን ኹጥባ እያዳመጥኩ ነው የታወሰኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

የጣቢያው ፋይሎች የሚቀመጡት በኋለኛው ክፍል ባለው ሰርቨር ነው። የእሷ ኮምፒውተር በኔትወርክ እየተዋሰ እንደ ራሱ ፎልደር ያሳያታል፤ ማውንት የሚሉት ይህንን ነው። ያን ቀን ሰርቨሩ በጊዜ ስላልተነሣ ማውንቱ ሳይሳካ ቀረ።

«ፎልደሩን ባዶ አላገኘሽውም?»

«አግኝቼዋለሁ። አንተ ቦታ ለማስለቀቅ አሮጌውን ያነሳኸው መስሎኝ በዚያው ቀጠልኩ።»

«ስለዚህ የጻፍሽው እዚሁ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። ሰኞ ማውንቱን ስመልስ የሰርቨሩ ፎልደር ከላይ ተደረበበት። ሸፈንኩት እንጂ አላጠፋሁትም። ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል» ያላት አስፈራት። የኮምፒውተሯ ዲስክ ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል። መብራት አንዴ ከጠፋ ዳግም ላይነሣ እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ።

ተቀምጦ ማውንቱን የሚፈታውን ትእዛዝ ጻፈ። ማሽኑ እምቢ አለ፤ ፎልደሩ ተይዟል። ደገመ። አሁንም ተይዟል። አምፖሉ ብልጭ ብልጭ አለ።

«ማን ነው የያዘው?» አለች ዐፊፋ።

ዝርዝሩን አየና ወደ እሷ ዞረ። ከሰኞ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። «አንቺ ነሽ። ስክሪኑ ላይ የከፈትሽው መስኮት እዚያ ፎልደር ውስጥ ቆሟል።»

አራት ቀን ሙሉ አፍጥጣ ያለቀሰችበት መስኮት ነበር። ወዲያው ዘጋችው። ሱሀይብ እንደገና ጻፈ፤ በዚህ ጊዜ ማሽኑ ለቀቀ። ዝርዝሩ ሲወርድ የመጀመሪያውን ዛፍ ቁጥር አወቀችው። ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀመረ። ዲስኩ ቀጭ አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ቀጭ አለ። ፍላሹን ነቅሎ መዳፏ ላይ እንዳስቀመጠላት መብራቱ ጠፋ።

«ሰኞ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አጥፍቼው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። የምወደውን ሰው ልፋት አጥፍቼ ምን እላለሁ?»

መልስ ልትሰጠው ፈለገች፤ ሰዓቱ ግን ዘጠኝ ሊሆን ነው። ስልኳን አነሳች። በሦስተኛው ሙከራ አባቷ አነሱ፤ ከኋላቸው የሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«አባባ፣ ቃል ሰጡ?»

«ሽማግሌዎቹ ፊቴ ተቀምጠዋል። አሁን ልናገር ነው።»

«አይናገሩ። የጠፋው ሥራዬ ተገኝቷል። ጥናቴን ልጨርስ።»

«ማን አገኘልሽ?»

«ሱሀይብ። አጠገቤ ነው ያለው።» ስሙን ስትጠራ ድምፅዋ ተለወጠ፤ አባቷም ሰሙት።

ሐጂ ጀይላን ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠይቀው ወደ ደጅ ሲወጡ ተሰማት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። 

«የማን ልጅ ነው?» አሉ።

አባት ይህን የሚጠይቀው ለመፍቀድ ሲያስብ ወይም ለመከልከል ሲቆርጥ ነው። የትኛው እንደሆነ ከድምፃቸው መለየት አልቻለችም። ራሱ ይመልስ ብላ ስልኩን ዘረጋችለት። ሱሀይብ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበላት።