ሦስተኛው ሰው

በዳሎል የመስታወት ከተማ ግድግዳ ይሰማል። በየቤቱ የተገጠመው መሣሪያ «ሰሚ» ይባላል፤ የተነገረውን ሁሉ ይይዛል። ሕጉ ግን ባልና ሚስት ብቻቸውን ያወሩትን፣ ሰው ለሐኪሙ፣ ለጠበቃው፣ ለንስሐ አባቱና ለአስታራቂ ሽማግሌው የነገረውን ያትማል። ማኅተሙን ዳኛም አይከፍተውም።

አቶ ይግለጡ የማኅተም መርማሪ ናቸው። ያን ጠዋት የተላኩት የውኃ ዘበኛው ደባልቄ ቤት ነበር። ደባልቄ ያለ ፈቃድ ቧንቧ ከፍቶ የታችኛውን ሰፈር አጠጥቷል ተብሎ ተጠርጥሯል። ማስረጃ የለም። ለሚስቱ የነገራት ግን ሳይታተም ተገኘ። እስከ ምሳ ሰዓት ካልታተመ ዐቃቤ ሕግ ይሰማዋል፤ ቅጣቱ ዐሥር ዓመት እስራት ነው።

ሚስቱ አስካለ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «አባባ፣ ያወራነው እኮ ሁለታችን ብቻ ነን!»

አቶ ይግለጡ ግድግዳውን ከፍተው ፈተሹ። ሽቦው ደህና ነው።

«ለምን አላተምክም?» አሉት ሰሚን።

«ሦስት ነበርን» አለ ሰሚ።

«ሦስተኛው ማነው?»

«እኔ። ተኳርፈው ነበር። እሷ ‹ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ› ትለኛለች፤ እሱ ‹ለእመቤቲቱ ንገርልኝ› ይለኛል። ሳመላልስ ዋልኩ። ሦስተኛ ሰው ባለበት ማኅተም የለም።»

አስካለ ፊቷን ሸፈነች። «ወይኔ! ስንኳረፍ ልማዳችን ነው።»

አቶ ይግለጡ ቁጭ አሉ። ደብረ ብርሃን ሳሉ ሟች ሚስታቸው ሲያኮርፉ ለድመቷ ነበር የሚናገሩት፦ «ያን ግትር ሰውዬ ካፖርቱን ይልበስ በይው፤ ይበርደዋል።» ድመቷ ለማንም አልተናገረችም። ዛሬ የሚያኮርፋቸው እንኳ የለም።

«ሰው አይደለህም» ሊሉት አሰቡና ተዉት።

«ስማኝማ። በተኳረፉ ባልና ሚስት መሀል ገብቶ ቃል የሚያመላልስ ምን ይባላል?»

ሰሚ መለሰ። «ሽማግሌ።»

«ሽማግሌ የሰማውን ያወጣል?»

«አያወጣም።»

ግድግዳው ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ታተመ። አስካለ እልል ልትል ከጅላ አፏን ያዘች፤ ባሏን ልትጠራ ወደ ጓዳ ሮጠች።

አቶ ይግለጡ ዕቃቸውን ሰበሰቡ፤ ግን እግራቸው አልሄደም። ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዲያው ለእኔ ብቻ… ማን ቀድሞ ታረቀ?»

«እሱንም አልናገርም» አለ ሰሚ።

በሠላሳ ዓመት ሥራቸው መሣሪያ ሲከለክላቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው ለግድግዳው እጅ ነሡ።