ከፊልሙ የጎደለው አባት

ፊልም አጫዋቹን የሲኒማ ቤቱ ሠራተኞች ጉጉት ይሉታል፤ ከጨለማ ክፍል ስለማይወጣ። እሱም አይከፋውም። ሲፈጥረው ቁጥብ ነው።

ሲኒማ ቤቱ በየዓመቱ ዝናቡ ሲገባ የቆዩ የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞችን መልሶ ያሳያል። የሚመጡት ልጅ ሳሉ ያዩዋቸው ሰዎች ናቸው። ከእነሱ መሀል አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሁልጊዜ ዳር ወንበር ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ጉጉት ከላይ፣ በማጫወቻው ክፍል ትንሽ መስኮት ያያታል።

የተዋወቁት ፊልም በተበጠሰ ቀን ነው። መብራት ሲበራ ተመልካቹ አፏጨ፤ የጉጉትን ዘር ማንዘር ሰደበ። እሷ ግን መርፌ አውጥታ የላላ ቁልፏን ማጥበቅ ያዘች። ሰው ሲወጣ ጉጉት በር ላይ ጠብቆ ይቅርታ ጠየቃት።

«እኔም ክር ይበጠስብኛል» አለችው። «ግን ማንም አያፏጭብኝም።»

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ባባራ ቁጥር አብረው በእግር ይሄዱ ጀመር። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ላግባሽ ሲላት አልሳቀችም፤ መጀመሪያ እናቴ ትይህ አለችው። እናቷ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ባሏ መንገድ ላይ ከሞተ ወዲህ ደጅ አትወጣም። አላለቀሰችም፤ ስሙም እንዲነሳ አትፈቅድም። ልጅቷ ግን ለምና ለምና፣ እሁድ ከሰዓት እናቷን ፊልም ልታሳይ እንደሆነ ነገረችው። ምክንያቷን አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም።

የእሁዱ ፊልም ለመርከቦች የሚያበራ የባሕር ዳር መብራት ማማ ጠባቂና የሴት ልጁ ታሪክ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስንቴ እንዳየችው እሷም አታውቅም። አባትየው ላይመለስ በጀልባ የሚሄድበት ቦታ ሲደርስ ሻርፗን አፏ ላይ ትጭንና ትንሰቀሰቃለች። ጉጉት ይህን ሁልጊዜ ከመስኮቱ ያያል። እና እሁድ ጠዋት አሰበ፤ እናትየው ፊት ዓይኗ አብጦ ለምን ትታያለች? መቀሱን አነሳና ያቺን ትዕይንት ከፊልሙ ቆርጦ ምስማር ላይ ሰቀላት። ሁለቱን ጫፎች በማጣበቂያ ገጠመ። ደግ የሠራ መሰለው።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ፣ ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን ወጥታ በሩን በረገደችው።

«የት አደረግካት?»

ምስማሩን አሳያት። እንዳታለቅስ ብሎ እንደሆነ ነገራት።

ትክ ብላ አየችውና ነገረችው። ልጅ ሳለች ወደዚህ ፊልም ያመጣት የነበረው አባቷ ነው። እዚያች ቦታ ላይ እጇን ጨበጥ ያደርጋት ነበር። እናቷም እዚያች ላይ ብታለቅስ ብላ ነው ያመጣቻት። እናትየው ግን «ሰውየው የት ገባ?» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች።

«መልሼ ልቀጥላት» አለ ጉጉት።

«እናቴ ዳግመኛ የምትመጣ ይመስልሃል?» አለችው። «ለመሆኑ በእንባዬ ላይ ማን ሾመህ?»

በሩን ሳትዘጋ ወረደች። ከታች ፊልሞቹን የሚወስደው መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ጉጉት ትዕይንቷን ወደ ቦታዋ መልሶ ቀጠላትና ጥቅሎቹን አስረከበ። ፊልሙ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ፊልሞች መጡ፤ እሷ አልመጣችም። ወንበሯ ላይ የማያውቃቸው ሰዎች ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሥራውን ለባልደረባው ሰጥቶ ቤታቸው ሄደ።

በር የከፈተችው እሷ ናት። ጤና ይስጥልኝም ሆነ ግባ አላለችም፤ ብቻ ከበሩ ገለል አለች። እናትየው ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ በየመልኩ ትለያለች።

«ጉጉት የሚሉህ አንተ ነህ? ምን እግር ጣለህ?»

«ከፊልሙ የቆረጥኳትን ልነግርዎ ነው፣ እማማ።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» አለች እናትየው። «በል፣ ከመጣህ ንገረኝ።»

ጉጉት በዕድሜው እንዲያ አውርቶ አያውቅም። የማማ ጠባቂው ልጅ ከአባቷ ጋር ተኳርፋ እንዳደረች፣ ጠዋት የፋኖስ መስታወት ልታጥብ ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ እንደተቀመጠች ነገራት። አባቷ ጀልባው ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያውለበልባል። ጀልባው ይርቃል። መጀመሪያ ፊቱ ይጠፋል፣ ከዚያ እጁ፣ በመጨረሻ ባርኔጣው። እሷ መስታወቱን ታጥባለች።

እናትየው ቁልፍ መልቀሟን ተወች።

«አልዞረችም?»

«አልዞረችም፣ እማማ።»

 የስፌት መኪናው ላይ ያለው ጨርቅ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

«እኔም አልዞርኩም» አለች እናትየው። «ሄድኩ አለኝ። ዕቃ አጥብ ነበር። በነገር ተቋስለን አድረን... ሄድኩ ሲለኝ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው።»

ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ጉጉት ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

«አሁን ጠይቀኝ» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ማልቀስ ትፈልጊያለሽ ወይ በለኝ።»

ጉጉት ጠየቃት።

«አዎ» አለች፤ በእናቷና በእሱ መሀል ተቀመጠች።

ጉጉት አላባበላትም።