እኔ ቤት ያልገባ

«እንኪ፣ ራስሽ ስሚው!» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ስልካቸውን በግራ እጃቸው ለመቀስ እናት እያቀበሉ። ቀኝ እጃቸው ከጣቶቹ ጫፍ እስከ አንጓው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

በሩን የከፈተችላቸው ልጅቷ መቀስ ነበረች። እንደ ወትሮው «መቀሴ፣ እንዴት ዋልሽ?» ብለው ይስሙኛል ብላ ጉንጯን ስታዘጋጅ፣ ሴትየዋ አልፈዋት ቀጥ ብለው ገቡ። እጇ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ የእናቷ ነው፤ ያ ሞቅ ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚያምነው ድምፅ።

«እኔ ቤት ያልገባ እናንተ ቤት አይገባም። በየቀኑ ነው የምጠቀምበት። እጀታው አይግልም፤ ራሴ ይዤ አይቼዋለሁ።»

ስክሪኑ ላይ አንድ ሰማያዊ የእንፋሎት ካውያ ነጭ ሸሚዝ ላይ ሽር ይላል። መቀስ ክው አለች። ከሁሉም ሰው፣ ከሁሉም ቤት፣ ያ ካውያ እንዴት እዚሁ እነሱ ፎቅ ሥር ይመጣል?

«እጀታው አይግልም አላልሽም?» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ውሃ ሞልቼ ሰካሁት። አንድ ሱሪ እንኳ ተኩሼ ሳልጨርስ እጀታው ሥር ጧ! ብሎ ተሰነጠቀ። የፈላው እንፋሎት በሙሉ እጄ ላይ! በዚያ ላይ በሊንክሽ የገዛሁት አንቺኑ ብዬ ነው። ወገቧን አሟት ተኝታለች፣ በሷ በኩል ልግዛና ትጠቀም ብዬ። በአሮጌው ካውያዬ ስሠራ ምን ጎድሎብኝ ነበር?»

እናቷ ጀርባዋን በሁለት ትራስ አስደግፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ስልኩን ተቀበለችና ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። የራሷን ድምፅ መስማት ነፍሷ ስለማይወድ፣ ከተቀዳ በኋላ አንድም ቪዲዮ አይታ አታውቅም። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ይህን ያልኩት እኔ ነኝ?»

«ታዲያ ማን ነው? ድምፅሽ አይደለም እንዴ?»

«ድምፄስ ድምፄ ነው…» እናቷ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። «መቼ ነው የቀዳነው?»

ሁለቱም ሴቶች ወደ መቀስ ዞሩ። በዚህ ቤት የምትቀርፀው፣ የምትቆርጠው፣ የምትለጥፈው እሷ ናት። መልሱ እሷ ጋ ብቻ ነው ያለው። እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ያመመሽ ሰሞን ነው… ያንን የሚያስተኛሽን መድኃኒት ስትወስጂ። ላታስታውሺው ትችያለሽ።»

ራሷ ደነገጠች። እንዲህ ያለ ቅልል ያለ ውሸት ከየት መጣ? ማንም አላስተማራት፣ አልተለማመደችው፤ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ዱብ አለ።

«እንግዲያው ብያለሁ ማለት ነው» አለች እናቷ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካልኩት ጥፋቱ የኔ ነው። የሕክምናውንም ወጪ እኔ እችላለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ለጠብ ተዘጋጅተው መጥተው ጠብ ያጡ ሰው ሆኑ። የእናቷን ፊት ትክ ብለው አዩና ስልካቸውን ተቀብለው ወጡ።

ሥራው «አፊሊየት ማርኬቲንግ» ይባላል። እናቷ ግን «ድለላ» ነው የምትለው፤ «ቤት ቁጭ ብሎ ድለላ!» ዕቃው የነሱ አይደለም፣ መጋዘን የላቸውም፣ አያደርሱም። እናት ስለ አንድ ዕቃ በቪዲዮ ታወራለች፤ ከቪዲዮው ሥር ሊንክ አለ፤ በዚያ ሊንክ ገብቶ የገዛ ሰው ካለ ሻጩ ድርጅት ኮሚሽን ይልክላቸዋል። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆማ ስትሸጥ ኖራ ወገቧ እምቢ ሲላት የጀመሩት ነው። ስቱዲዮአቸው መስኮቱ ሥር ያለችው ጥግ ናት፦ ግድግዳው ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ አንድ ወንበር፣ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ በላስቲክ የታሰረ ስልክ።

ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር። ዕቃው መጀመሪያ እዚሁ ቤት ይገባል፣ ይፈላበታል፣ ይወድቃል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ ነው ስለሱ የሚወራው። አንድ ጊዜ የመጣላቸውን ማንቆርቆሪያ እናቷ ስታሠቃየው ከርማ፣ መቀስ «እማ፣ ወንጀለኛ እኮ አይደለም!» ብላ አስቃታለች። «እኔ ቤት ያልገባ እናንተ ቤት አይገባም» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚያ ነው። ሰዎች ኮሜንት ላይ «አንቺ ካልሽ አለቀ!» ይሏታል። «መቀስ» የሚለውን ስም ደግሞ ያወጡላት ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ቪዲዮ የምትቆርጠው እሷ መሆኗን ሲሰሙ «አንቺም እንደኔ ቆራጭ ነሽ ለካ!» ብለው ሳቁ፤ በዚያው ቀረ።

እናቷ የተኛች ሰሞን ገጹ ቀዘቀዘ። አዲስ ቪዲዮ የለም፣ አዲስ ሰው የለም። የካውያው ድርጅት ደግሞ «በዚህ ሳምንት ለሚለጥፍ ኮሚሽኑ እጥፍ ነው» የሚል መልእክት ላከ። ካውያው ራሱ በመንገድ ላይ ነው ተብሏል። መቀስ አሰበች፤ ሲደርስ እንሞክረዋለን፣ ቀድሞ ቢለጠፍ ምን አለበት? ከድርጅቱ ምስሉን ወሰደች። ከማንቆርቆሪያው ቪዲዮ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከድስቱ ቪዲዮ ሌላ ቆረጠች። «እጀታው አይግልም» የተባለው ለድስቱ ነበር። ስትገጣጥመው ስፌቱ እንኳ አይታወቅም፤ እንዲያውም «አሪፍ ነኝ አቦ!» ብላ ለራሷ ፈገግ ብላ ነበር። ካውያው ቀረ፤ አልመጣም። ቪዲዮው ግን ከሁሉም በለጠ። አንድ ሰው «የኔ ያፈሳል» ብሎ ሲጽፍ፣ ምቀኛ ነው ብላ ኮሜንቱን አጠፋችው።

አሁን እናቷ ወገቧን ደግፋ ወደ ማእድ ቤት ሄደች። ምድጃውን ነካችና ተመለሰች። ወዲያው እንደገና ተነሥታ ሄደች።

«ዘግቼዋለሁ፣ አይደል?» አለች።

«ዘግተሽዋል እማ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ስልክ ደወለች። መቀስ መማሪያ መጽሐፏን ገልጣ ተቀምጣለች፤ ጆሮዋ ግን በሩ ላይ ነው። እናቷ የምታወራው ከአክስቷ ጋር ነበር።

«እህቴ፣ እናታችንን እንዴት ነበር የጀመራት?… አይደል? መጀመሪያ የተናገረችውን ነበር የምትረሳው። የእኛን ስም የረሳችው በኋላ ነው… አይ፣ እኔን ምንም አላመመኝም። ብቻ አንድ ነገር ተናግሬ ጭራሽ አላስታውሰውም። ዕቃውን በዓይኔ አላየሁትም ብዬ ልምል ነበር እኮ!… እሷ ገና ልጅ ናት። እንደ እማማ ብሆንባት ማን አላት?»

መጽሐፉ ላይ ያሉት ፊደላት ተምታቱባት። አያቷን ታስታውሳለች። መጨረሻ ላይ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ በጨዋ ደንብ፣ «አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏት ነበር። ያኔ ከክፍሉ ወጥታ ያለቀሰችው እናቷ ናት። መቀስ ካውያ ሸጥኩ ብላ ነው ያሰበችው። እናቷን ከገዛ ጭንቅላቷ ጋር ማጣላቷን የት አውቃ!

እናቷ ከመኝታ ቤት ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር። አንድ የቃጠሎ ቅባት ሰጠቻት። «ይቺን ለእትዬ አድርሺልኝ። ቪዲዮ መሥራቱንም ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። በማላስታውሰው አፍ ሰው አላስገዛም።»

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ምድር ቤት ነው። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ የተማሪ ዩኒፎርም ከወለል እስከ ወንበር ተከምሯል፤ ገሚሱ ተሰፍቷል፣ ገሚሱ በጠመኔ ተሰምሮ ቀርቷል። የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። ሴትየዋ በግራ እጃቸው ከአንድ ኮሌታ ክር ለመቁረጥ ይታገላሉ።

«ነይ መቀሴ፣ ይቺን ቁረጪልኝ እስቲ። ግራ እጅ ለካ እንግዳ ነው፤ ቤቱን አያውቀውም።»

ቆረጠችላቸው።

«ተናድጄ ነው የጮህኩት» አሉ ቅባቱን እየተቀበሉ። «እጅ ይድናል። እኔን ያስደነገጠኝ የእናትሽ ፊት ነው። እሷን እኮ አውቃታለሁ፤ ያላየችውን አየሁ የምትል ሰው አይደለችም። እኔ እንጃ ልጄ፣ ነገሩ የጤና አልመሰለኝም። ሳይብስባት ለደህና ሐኪም አሳዩአት።»

መቀስ የምትገባበት ጠፋት። እናቷ ገና አርባዋን እንኳ በቅጡ አልያዘችም፤ ጎረቤት ግን ከወዲሁ ሊያዝንላት ጀምሯል። ነገ ደግሞ የላይኛው ፎቅ ይሰማል። መቀሱን ኮሌታው ላይ አስቀምጣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

እናቷ ነጩን አንሶላ ከግድግዳው ላይ እያወረደች ነበር።

«እማ፣ ተይው። ቁጭ በይ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

መቀስ ቪዲዮ የምትቆርጥበትን ስልክ አውጥታ ከፈተችው። የተገጣጠሙት ድምፆች በየቀለማቸው ተደርድረዋል። ጣቷን የመጀመሪያው ላይ አሳረፈች። «ይሄ ማንቆርቆሪያው ነው። ሙሉውን ስሚው።» የእናቷ ድምፅ ስለ ማንቆርቆሪያ አወራ። «ይሄ ደግሞ ድስቱ ነው። እጀታው አይግልም ያልሽው ለድስቱ ነው።» ድምፁ ስለ ድስት አወራ። «እኔ ነኝ የገጣጠምኩት፣ እማ። አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

«ስለ ካውያ አላልኩም?»

«አላልሽም።»

«ምንም?»

«ምንም። ካውያው እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

እናቷ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም። «ተመስገን» አለች። «ተመስገን፤ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ለካ!» መቀስም እፎይ ልትል ነበር። ግን እናቷ እጇን ከፊቷ አወረደችና አየቻት፤ ከዚህ በፊት በዚያ ዓይን አይታት አታውቅም።

«ካውያውን ተይው» አለች ቀስ ብላ። «ስትጠየቂ አፍሽን ሞልተሽ መለስሽ። ከዚያ ምድጃውን ዘግቼዋለሁ ወይ እያልኩ ስመላለስ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ? እብድ ሆንኩ ብዬ ስፈራ?»

እናቷ ብትጮህ፣ ብትመታት ለመቀስ ይሻላት ነበር። ያ ዝግ ያለው ድምፅ አንጀቷን በላው።

«አጥፊው» አለች እናቷ ቆይታ። «ቪዲዮውን አሁኑኑ አጥፊው።»

«አጠፋዋለሁ። ግን ካጠፋሁት በኋላ ዝም ካልኩ፣ የገዙት ሰዎች እጀታው እንደሚሰነጠቅ አያውቁም።» ምራቋን ዋጠች። «ሰዎቹ የሚያምኑሽ አንቺን ነው፤ የዋሸኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ። እኔው ልንገራቸው። ከዚያ እትዬ ጋ እወርዳለሁ። ብቻዬን።»

እናቷ የወረደውን የአንሶላ ጫፍ አንሥታ ወደ ሚስማሩ መለሰችው።

መቀስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስንት ጊዜ ከስልኩ ጀርባ ሆና «እማ፣ ቀና በይ፤ እማ፣ ፈገግ» ስትል ከርማለች፤ ከፊት ለፊቱ እንዲህ እንደሚያስፈራ የነገራት የለም። እናቷ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ከመጥረጊያው እንጨት ኋላ ቆመችና ስልኩ ላይ ቀዩን የመቅረጫ ምልክት ነካችው።

«ሰላም። እኔ… ልጇ ነኝ። ቪዲዮዎቹን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ስለ ሰማያዊው ካውያ የሰማችሁት ድምፅ የእናቴ ነው። እሷ ግን አልተናገረችውም። ካውያው እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። የገዛችሁት ካላችሁ እባካችሁ አትሰኩት፣ አንድ ሰው…» ድምፅዋ ተሰበረ። ሳል መጣባትና ሁለት ጊዜ ሳለች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ሼም ነው፤ አበላሸሁት። እማ፣ እንደገና ልጀምር? ይሄንን በኋላ አወጣዋለሁ።»

«አይሆንም» አለች እናቷ ከስልኩ ጀርባ። ድምፅዋ ቪዲዮው ላይ ገብቷል። «ከዚሁ ቀጥይ። አትቁረጪው።»

መቀስ ጉሮሮዋን ጠረገችና ቀጠለች።