ያጎነበሰው ማኅተም

የጠማቂዎቹን አለቃ ቶኩሞሪን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያገኟቸው ሰባተኛው ጋን ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ሳኬ፣ የጃፓኖች የሩዝ መጠጥ፣ ሲፈላ የሚተነፍሰውን ጋዝ ዓይን አያየውም፤ ጋኑ ላይ ያጎነበሰን ሰው እንደ እንቅልፍ ይወስደዋል። አርባ አንድ ክረምት ሙሉ ሠራተኛውን ከዚህ ተጠንቀቁ ሲሉ የኖሩት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። ልጆቼ፣ የነገሩ ምሬት እዚህ ላይ ነው።

መርማሪ ኦኩዴራ ከኒጋታ ከተማ ስትደርስ በረዶው ጣሪያውን አጉብጦት ነበር። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። የመጥመቂያው ባለቤት ወይዘሮ ኢናሚ አንድ ወረቀት ዘረጉላት። የዕለቱ የደኅንነት ወረቀት ነው፤ ኮምፒውተሩ ያትመዋል፣ ሰዎቹ በፊርማ ፈንታ የየግል ማኅተማቸውን ያሳርፉበታል። «አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር፦ የሰባተኛው ጋን አየር ማውጫ ለጽዳት ቆሟል፤ የጋዝ ደወሉ ተዘግቷል። ቶኩሞሪ» ይላል። ከሥሩ የአለቃው ቀይ ማኅተም አለ።

ሴትዮዋ ያዘኑት ከልባቸው ነው። ያለፈው ክረምት ሁለት ጋን እንደተበላሸባቸው፣ ያን ጊዜም አለቃው እንዳረጁ እንደጠረጠሩ ነገሯት።

«እንግዲህ ራሳቸው ዘግተው ራሳቸው ረሱት» አሉ።

የአለቃው ልጅ ቺዙ ይህን ስትሰማ ፊቷን አዞረች። የኮምፒውተሩን ሲስተም ወደ መጥመቂያው ያመጣችው እሷ ናት።

«መንደሩ ሁለት ነገር ነው የሚያወራው» አለቻት ለመርማሪዋ። «ወይ አለቃው ጃጅቶ ሞተ፣ ወይ የልጁ ማሽን ገደለው። ከሁለቱ አንዱን ተሸክሜ ልቅበረው?»

ኦኩዴራ ከጎኗ ተቀምጣ ስለ ማሽኑ እንድታስረዳት ለመነቻት፤ «ለገበሬ ልጅ እንደምታስረጂ አድርገሽ» አለቻት። ቺዙም በየጋኑ ያለው ቴርሞሜትር በየአሥር ደቂቃው ቁጥር እንደሚልክ ነገረቻት። ቁጥሩ ለብቻው ዳታ ነው፤ ምንም አይናገርም። ሲስተሙ አባቷ ካስተማሩት ጋር አስተያይቶ «ይህ ጋን ሞቋል፣ አቀዝቅዙት» ሲል ግን መረጃ ይሆናል። ከዚያ ሰው ይወስናል፣ ውጤቱም ተመልሶ ይገባና ማሽኑ ከእሱ ይማራል።

«አባትሽ ራሳቸው ይጽፉ ነበር?»

«አባዬ? ጣቴ ለሩዝ እንጂ ለቁልፍ አልተፈጠረም ይል ነበር። እሱ ይናገራል፣ ኖሞቶ ይጽፋል። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው እኔና ኖሞቶ ነን።»

ኖሞቶ ምክትሉ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከአለቃው ገበታ በልቷል፤ ቺዙን በልጅነቷ በጀርባው አዝሏታል። ኦኩዴራ ስታነጋግረው ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እኔ እጃቸው ነበርኩ» አላት።

«አየር ማውጫው የቆመው በስማቸው ነው። ያቆሙት እሳቸው ናቸው?»

«ማሽኑ እሳቸው ናቸው ካለ እሳቸው ናቸው። ካላመኑ የይለፍ ቃሉን ያወጣችውን ይጠይቁ።»

በጀርባው ያዘላትን ልጅ እንዲህ በቀላሉ አሳልፎ ሰጣት። ኦኩዴራ የወሩን ወረቀቶች በሙሉ አስመጥታ ወለሉ ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው፤ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝም ቀና አላለችም።

ከቀትር በኋላ ሦስቱን በምድጃው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ማሽኑ አልዋሸም» ብላ ጀመረች። «የቶኩሞሪ ስም ገብቷል አለ፤ እውነት ነው። ግን ማሽኑ የሚያውቀው ስም ነው፣ እጅ አያውቅም። እጁን የነገረኝ ወረቀቱ ነው።»

ማኅተሞቹን ጠቆመች። በግራ የወይዘሮ ኢናሚ፣ ቀጥሎ የአለቃው፣ መጨረሻ የምክትሉ። እንደ አገሩ ወግ የበታች ማኅተሙን ወደ አለቃው ትንሽ ዘንበል አድርጎ ያሳርፋል፤ ሰላምታ መስጠቱ ነው። የኖሞቶ በሁሉም ወረቀት ላይ ወደ ግራ ያጎነበሰ ነው።

«የአለቃውስ?» አለች መርማሪዋ።

ወይዘሮ ኢናሚ በሐዘናቸው መሀል ፈገግ አሉ። «ቶኩሞሪ? ለአባቴም አላጎነበሱም፤ የምሰግደው ለሩዙ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ማኅተማቸው ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው።»

«የዛሬውን ይዩት።»

አዩት። የቶኩሞሪ ማኅተም ወደ ግራ አጎንብሷል።

«አለቃው ማኅተማቸውን ከሚያኖሩበት ከማይቆለፈው መሳቢያ ያነሳው ሰው ማሰብ አላስፈለገውም፤ እጁ እንደለመደው አሳረፈው። እርስዎ ወይዘሮ ኢናሚ፣ የበላይ የለዎትም፤ ቀጥ ያደርጋሉ። ቺዙ ወረቀት ላይ አትማ አታውቅም፣ ማኅተምም የላትም። እዚህ ቤት የሚያጎነብስ እጅ አንድ ነው።»

ቀጥላ ከአለቃው ኪስ የወጣውን የእርሳስ ደብተር ከማሽኑ ማህደር ጎን አስቀመጠች። አምና ሁለቱ ጋኖች በተበላሹ ሳምንት ደብተሩ ጋኑ ከአሥር ዲግሪ አይለፍ ይላል፤ በአለቃው ስም ለሲስተሙ የተጻፈው ገደብ ግን አሥራ ሦስት ነው።

«ውሸት ካጎረሱት» አለች፣ «ማሽን በትክክል አስቦ የተሳሳተ ምክር ይሰጣል። ነቀፋው ግን ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው።»

ኖሞቶ ወደ እጆቹ ተመለከተ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ምክትል» አለ። «አረጁ ከተባለ ቦታውን ይተዉልኛል ብዬ ነበር። ትናንት ግን ደብተሩን አሳዩኝ። አልተቆጡም። ነገ ለወይዘሮ ኢናሚ አንተው ራስህ ንገራት አሉኝ። ጠዋት አየር ማውጫውን በስማቸው አቁሜ፣ ሰባተኛው ጋን ሽታው ተለውጧል አልኳቸው። ሮጠው መጡ።»

«አመነህ» አለች ቺዙ።

«አመኑኝ።»

ወይዘሮ ኢናሚ ከመቀነታቸው የታሸገ ፖስታ አወጡ። ትናንት ማምሻውን አለቃው ሰጥተዋቸው፣ «ኖሞቶ ካናገረሽ በኋላ ክፈቺው» ብለዋቸው ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ መክፈቱን ፈርተውት ነበር። «ይኸው ተናገረ» አሉና ቀደዱት፤ ጮክ ብለው አነበቡት።

«በጸደይ እወጣለሁ። በቦታዬ ኖሞቶን አድርጊው። ያጠፋውን ራሱ ነግሮሻል፤ ይቅር በይው፤ ከእሱ የተሻለ አፍንጫ በዚህ አውራጃ የለም።»

ከሥሩ ቀይ ማኅተም አለ። ቀጥ ብሎ የኖረው የቶኩሞሪ ማኅተም፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ስለ ኖሞቶ ሊለምን ወደ ግራ አጎንብሷል።

ኖሞቶ ሊያየው እጁን ዘረጋ። ቺዙ ወረቀቱን ተቀብላ እንዲያነበው ወደ ዓይኑ አስጠጋችለት፤ በእጁ ግን አልሰጠችውም።