የተላከ ጥያቄ

አባዬ የታመሙ ሰሞን የሰው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነበር፦ «አባትሽ እንዴት ዋሉ?» ቄሱ ይጠይቁኛል፣ ጎረቤታችን ዓይናዲስ በአጥር ላይ ትጠይቀኛለች፣ ወንድሜ ሞላ ከፍላቂት ይደውልና «በርቺ» ብሎ ይዘጋል። እኔም «ደህና ናቸው፣ ጨጓራቸው ትንሽ አስቸግሯቸው ነው» እላለሁ።

ጨጓራ አልነበረም። ደሴ የመረመራቸው ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር እንደሆነ፣ ከመታከምም እንዳለፈ ነገረኝ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም፤ ቅስሙ ይሰበራል ይባላል። ስለዚህ ነገሩን በሆዴ ይዤ ወደ ቤታችን፣ ወደ አሸተን ማርያም ግርጌ ተመለስሁና መዋሸት ጀመርሁ።

ደሳለ በቅሎ ያከራያል። በደህናው ዘመን ቱሪስት ወደ ገዳሙ ያወጣባት ነበር፤ ቱሪስቱ ሲጠፋ በሽተኛ ማውረድ ያዘ። በየአሥራ አምስት ቀኑ አባዬን ወደ ላሊበላ የሚያወርድልን እሱ ነው። እኔ ወረፋ ለመያዝ ቀድሜ እሄዳለሁ፤ እነሱ እያወጉ ቀስ ብለው ይመጣሉ።

በሦስተኛው ጉዞ ይመስለኛል፣ አባዬ ጤና ጣቢያው ውስጥ ማስታገሻ እየተሰጣቸው ሳለ ደሳለ በሩ ላይ አጠገቤ ቆመ። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ልል አፌን ከፍቼ አለቀስሁ። ደሳለ ልጓሙን ሳብ አደረገና በበቅሎዋ ከሰው ጋረደኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጉዞው ይጠይቀኛል። ወገቤን እንደሚያመኝ፣ ቀሚሴ ሰፍቶኝ በመቀነት ደርቤ እንደማስረው፣ ጸጉሬን ከተሠራሁ አራት ወር እንዳለፈኝ ነገርሁት። አንዳንዴ «ቶሎ በገላገላቸው» ብዬ አስቤ ራሴን እንደምረግምም ለእሱ ብቻ ነገርሁት። ስናገር በጎን ያየኛል፤ ዞር ስል የበቅሎዋን ኮርቻ ያስተካክላል። በሰባት ወር ውስጥ እጄን የያዘው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ቁልቁለት ላይ። ወደድሁት። የወደድሁት ለዚያች ጥያቄ ነው፤ መልኩማ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከበቅሎዋ አይሻልም።

ግንቦት ላይ «አባትሽ በሕይወት ሳሉ ይመርቁን» ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ፤ ንግግሩን የያዙት አያ ደግሰው ነበሩ። እንደ ደንቡ ሽማግሌ ያሞግሳል፣ የልጅቱ አባት ያንገራግራል፣ ከዚያ ቀጠሮ ይሰጣል። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ጠላ እየቀዳሁ ጆሮዬን አቁሜአለሁ። አባዬ ግን ማንገራገሩን ተዉትና፣ በዚያች በደከመች ድምፃቸው፣ ማሞገሱን ራሳቸው ያዙት።

«ደሳለን ለእኔ አታሞግሱልኝ» አሉ። «ይህ ካንሰር እንደያዘኝ ገና ድሮ አውቄዋለሁ፤ ታላቅ ወንድሜን የወሰደው እሱ ነው። ልጄ ደበቀችኝ፣ እኔም የማላውቅ መሰልሁላት። እያየኋት ከሳችብኝ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ደሳለን፣ ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቃል፣ አንተ እሷን ጠይቅልኝ፣ የምትልህንም ንገረኝ አልሁት። ሰባት ወር ሳያጓድል ጠይቆ ነገረኝ። ከዚህ በላይ ታማኝ ከየት ይመጣል?»

ሽማግሌዎቹ «ይበል» አሉ። እኔ ጆጉን መሬት አስቀምጬ በጓሮ በር ወጣሁ። ደሳለ ከአጥሩ ውጭ በቅሎዋን ይዞ የሽማግሌዎቹን መውጣት ይጠብቃል።

«ያንንም ነገርሃቸው?» አልሁት።

የቱን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

«ነገርኋቸው። አስምለውኝ ነበር፤ እሳቸውን መዋሸት አልቻልሁም።»

«እኔን ግን ቻልህ።»

«መጀመሪያ ልከውኝ ነው፣ ሰርካለም። ከዚያ ወዲያ ያለው የራሴ ነው» አለኝ።

«የቱ የእሳቸው፣ የቱ ያንተ እንደነበር በምን ልለየው?»

ትቼው ገባሁ። በአያ ደግሰው በኩል እንቢታዬን ላክሁበት። ከድተውኛል፣ ሁለቱም። እኔ ያን ሁሉ ውሸት ተሸክሜ ለወረፋ ስሮጥ፣ እነሱ ከኋላዬ የሆዴን ይቀባበሉት ነበር። በዚህ ዓለም የራሴ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ያቺ ጥያቄ ነበረች፤ እሷም የሰው መልእክት ሆና ተገኘች።

ሦስት ቀን አባዬን ቀና ብዬ ሳላይ አጥሚት አጠጣኋቸው። በአራተኛው ቀን ማንኪያውን እንደያዝሁ እጄን ያዙኝ።

«ቶሎ ገላግለኝ እያልሁ እኔም እለምናለሁ» አሉኝ። «ብቻዬን የምለምን መስሎኝ ነበር። አንቺም እንዳለሽበት ደሳለ ሲነግረኝ ቀለለኝ።»

አብረን አለቀስን። ከዚያ በኋላ በነበሩን ጥቂት ሳምንታት ቤታችን ውስጥ ውሸት አልነበረም፤ ሲያማቸው አመመኝ ይላሉ፣ ሲደክመኝ ደከመኝ እላለሁ። እሳቸውን ይቅር አልኋቸው። ደሳለን ግን አልቻልሁም። በሽተኛ ቢዋሽ ለሕመሙ ይተውለታል፤ ጤነኛው ምን ሰበብ አለው? በቅሎዋን ይዞ ይመጣል፣ አባዬን ያወርዳል፣ ይመልሳል። እኔ አላነጋግረውም፤ እሱም ጥያቄውን አልደገመም።

አባዬ ሰኔ መጨረሻ ላይ አረፉ። አርባቸው ወጥቶ ሞላ ወደ ፍላቂት ሲመለስ ቤቱ ጭር አለ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ብሎኝ ያልፋል። ለካ ከአባቴ ሌላ የሚጠይቁኝ ነገር አልነበራቸውም።

አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ደሳለ ዳገቱን ወጣ። በቅሎዋን አልያዘም። ያለ እሷ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል ነበር።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

ንዴቴ እንደገና ሲመጣ ተሰማኝ። «ማን ልኮህ ነው?»

ወደ መሬት አላየም። እኔን አየኝ።

«የሚልኩኝ ሰው ሞተዋል» አለ። «የምነግረውም የለኝ።»

ትክ ብዬ አየሁት። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ አልሁለት።

«ከየት ልጀምርልህ?» አልሁት።